ያረረ ድስት የምታነበው እትዬ ሙሉ

አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከበርበራ ሲመለስ ዓሣ፣ ከቶጎ ውጫሌ ሲመለስ ወሬ ያመጣል። ባለፈው ሳምንት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ሙሉ አትመለስም። ክፍሌን ለሌላ ሰው ስጡት ብላለች» አለን። እማዬ የያዘችውን እርጥብ ልብስ ገመዱ ላይ ጣል አደረገችው። እኔን ግን መጀመሪያ የያዘኝ ጥያቄ ነው። የሄደችው እናቷ ጋ ነው፤ እናቷ ምን አለቻት? አባዬ እሱን አያውቅም። ወንዶች ወሬ ሲያመጡ ዋናውን ነገር ሁልጊዜ መንገድ ላይ ይጥሉታል።

እሷን ራሷን ጠይቄ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ስለዚህ ስለ እትዬ ሙሉ ልጻፍ አልኩ።

እትዬ ሙሉ የኮምቦልቻ ሰው ናት። ሐርጌሳ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ነበረች። የምትሠራው 31 ሜይ ሰፈር፣ ሂቦ የምትባል ሴት ቤት ነው። ጠዋት ሻርፗን አጥብቃ አስራ ትወጣለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ዕረፍቷ እዚህ እንደ ሁሉም ሰው ዓርብ ነው። ረጅም ናት፣ በጣም ረጅም። ከግቢው ሰው ሁሉ የልብስ ገመዱ ሥር ስታልፍ ጎንበስ የምትለው እሷ ብቻ ናት። ሶማልኛ ስትሰማ ይገባታል፣ የምትናገረው ግን የወጥ ቤት ሶማልኛ ነበር፦ ጨው፣ ቶሎ፣ ነይ፣ ስንት፣ በቃ። በነዚሁ ቃላት ከፍየል ነጋዴ ጋር ስትከራከር ሰምቻታለሁ። ያሸነፈችም መሰለኝ።

እትዬ ሙሉን እትዬ ሙሉ ያደረጋት ግን ሌላ ነው። ያረረ ድስት ታነባለች። የሚመጣውን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። እሷ የሚመጣውን አታውቅም። የምታነበው ያለፈውን ነው፣ እሱንም ከድስት ቂጥ።

አንድ ቀን እማዬ ምስር አሳረረች። እትዬ ሙሉ ድስቱን ተቀብላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው። ከዚያ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣቷ አንጓ ቂጡን መታ መታ አደረገችና፣ «ስልክ ነው» አለች። እማዬ ካደች።

«ስልክ ነው እንጂ። በአንድ በኩል ብቻ ነው የያዘው፤ ማማሰል ጀምረሽ ነው ጥለሽው የሄድሽው። ደግሞ ከእህትሽ ጋር ነው። ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን ቶሎ ትመለሺ ነበር።»

ከአክስቴ ጋር ነበር። እማዬ ስቃ ስትጨርስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድስቴን ለማንም አላሳይም አለች።

ከኋላ ክፍል የሚኖሩት ሹፌሮች ደግሞ ፓስታ አቃጥለው መጡ። ድስቱን ሳትነካው፣ ይኼ ድስት ላይ የተኳረፉ ሰዎች አሉ፣ እያንዳንዱ ሌላው ያማስለዋል ብሎ ተቀምጧል አለቻቸው። ሹፌሮቹ ተያዩ። አንደኛው፣ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ፖሊስ ጣቢያ ነበር መግባት ያለብሽ» አላት። «ፖሊስ ጣቢያ ድስት የለም» አለችው።

እኔን ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከኋላዋ እየተከተልኩ እንዴት አወቅሽ፣ እንዴት አወቅሽ እላታለሁ። አንድ ቀን ሲሰለቻት እንዲህ አለችኝ፦ «ጠንቋይ አይደለሁም። ምግብ የሚያርረው የሰው ልብ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው። እኔ የማየው ልቡ የት እንደሄደ ነው።»

አነባበቧ አንድ ነገር ሆኖ አስተጣጠቧ ሌላ ነው። ድስት የምታጥብ አትመስልም፣ የምታስታርቅ ትመስላለች። «ያረረ ድስት አይታገሉትም፣ ያባብሉታል» ትል ነበር። ለብ ያለ ውሃ ትሞላለች፣ ጥቂት ሳሙና ጠብ ታደርጋለች፣ ቤኪንግ ሶዳ ትበትንበታለች፣ ከዚያ ሄዳ ሌላ ሥራዋን ትሠራለች። ሽቦ ሲያዩ እጃቸው የሚበላቸውን ሰዎች አትወድም። ሽቦ ድስቱን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ ድስት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ብሶ ይይዛል። ሲለሰልስ በእንጨት ማንኪያ ጠርዙን ነካ ታደርገዋለች፣ ካልተነሳም ትተወዋለች። ውሃ በቦቴ በሚመጣበት ግቢ ውስጥ ይኼ ሁሉ መዘፍዘፍ እማዬን ያበሳጫታል። እኛ ሳንታጠብ ድስት ታጠበ እያለች ታጉረመርማለች። እትዬ ሙሉ ግን የተዘፈዘፈበትን ውሃ ወስዳ በራችን ፊት ያለው አቧራ ላይ ትረጨዋለች።

እንዲህ የሰውን ልብ ከድስቱ የምታገኝ ሴት፣ ከገዛ እናቷ ጋር አትነጋገርም ነበር። ኮምቦልቻን ለቅቃ የወጣችው እናቷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ ነው፤ ብትነግራት ስለማትፈቅድ። ስለዚህ ሳትመረቅ ነው የመጣችው። በአገራችን ሳይመረቅ መንገድ የወጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስትደውል እህቷ ታነሳለች። እናቴን አገናኚኝ ስትል፣ እናትየው ከውስጥ፣ እጄ ሊጥ ነው ትላለች። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። እትዬ ሙሉ ስልኩን ዘግታ፣ «ይኼ ሊጥ የማያልቅ ሊጥ ነው» ትለናለች፣ እየሳቀች። ሳቁ ግን ፊቷ ላይ አይቆይም።

አሁን ወደ ሂቦ ድስት ልምጣ።

ሂቦ ብዙ ዓመት ለንደን ኖራ ወደ ሐርጌሳ የተመለሰች ሴት ናት። ስትመለስ ለእናቷ የኤሌክትሪክ ድስት ይዛ መጣች። ውጪው ብረት ነው፣ ውስጡ ብድግ ብሎ የሚወጣ ከባድ ሸክላ። እሳቱ እጅግ ቀስ ያለ ስለሆነ ጠዋት የጣድሽበት ማታ በስሎ ይጠብቅሻል። እትዬ ሙሉ ወደደችው፤ የማይቸኩል ዕቃ ነው አለች። የሂቦ እናት ግን ጠላችው። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ እትዬ ሙሉም ጭምር፣ «ሆዮ» ነው የሚላት፤ እናት ማለት ነው። ሆዮ እሳቱን ያላየሁትን ምግብ አልበላም አለች። ጋዙን ደግሞ ትፈራዋለች። ስለዚህ የከሰል ምድጃዋ ላይ ጎንበስ ብላ ስታራግብ ትውላለች፣ ጭሱ ያስላታል፣ ሂቦ ትቆጣለች። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ሂቦ እናቷን ሳታማክር ምድጃውን ለሰው ሰጠችው።

እትዬ ሙሉ እዚያው ነበረች። ሆዮ አልጮኸችም አለችኝ። ቁጭ ብላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ዱዓ እንዳትጠብቂ ነው ያለቻት። ዱዓ እነሱ ዘንድ እኛ ምርቃት እንደምንለው ነው፣ የእናት ሲሆን ደግሞ የሚበልጠው የለም። ሂቦም ተናዳ ቦርሳዋን አነሳች። በርበራ ጓደኛዬ ጋ ነኝ፣ ዓርብ ማታ እመለሳለሁ ብላ ለእትዬ ሙሉ ነግራ ወጣች። ለእናቷ አልነገረችም፣ ሆዮ ግን እዚያው ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ዓርብ እትዬ ሙሉ ዕረፍት ናት። ሆዮ ብቻዋን ዋለች። አመሻሽ ላይ ጎረቤት ሊጠይቃት ሲገባ ወድቃ አገኛት። ሂቦ ከበርበራ ስትደርስ ሆዮ ሆስፒታል ውስጥ አርፋ ነበር።

በዚያ ግርግር ድስቱን ማን ያስታውሰዋል? እትዬ ሙሉ ከቀብሩ በኋላ ወጥ ቤት ስትገባ የኤሌክትሪክ ድስቱ ገና እንደተሰካ፣ እንደሞቀ ነው። ነቀለችው። ክዳኑን ልትከፍት ስትል ሂቦ እንዳትነኪው አለቻት። የሐዘኑ ሰሞን አልፎም ሂቦ ወጥ ቤት አትገባም። እትዬ ሙሉ እንደነገረችን፣ ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ ሂቦ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ ዱዓዋን ከልክላኝ ሄደች። ደጋግማ። በኋላ አንድ ቀን ያንን ድስት ወርውሪልኝ አለች። እትዬ ሙሉ እሺ አለች፣ ግን አልወረወረችም። የውስጡን ሸክላ ከነክዳኑ በፎጣ ጠቅልላ ወደ ግቢያችን አመጣችው።

«በዚህ ግቢ ያረረ ድስት ጠፍቶ ነው ከ31 ሜይ የምታመጪው?» አለቻት እማዬ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረስኩባቸው። እትዬ ሙሉ ጠራችኝና ክዳኑን እንድከፍተው ፈቀደችልኝ። ውስጡ ከሰል ነው። ምን ይሸትሻል አለችኝ። ከሰል አልኳት። ደግመሽ አሽቺ፣ ውሃ ካገኘው በኋላ ድስት አይናገርም አለችኝ። ደግሜ አሸተትኩ። አሁንም ከሰል ነው። እሷ ግን አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

ለብ ያለ ውሃ በጠርዙ በኩል ቀስ አድርጋ አፈሰሰችበት። ጠበቅን። መጀመሪያ የተነሱት ፍሬዎች ናቸው፤ ትናንሽ፣ ቀይ የነበሩ፣ የጠቆሩ። እዚህ ዲጊር ይሉታል፣ እንደኛ ቦሎቄ ሆኖ ትንሽ ነው። ለረጅም ሰዓት ቀቅለው ቅቤ ያፈሱበታል። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር። እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ንጣፍ፣ ከሸክላው ጋር አንድ የሆነ። እትዬ ሙሉ በእንጨት ማንኪያ ጫፉን ሰበር አድርጋ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችው። አሁን እኔም ሸተተኝ። ከረሜላ።

«ስኳር ነው» አለች። ከዚያ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

እኔ አልገባኝም። በዲጊር ላይ ስኳር የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፣ ምን ይገርማል አልኳት። አስረዳችኝ። ሆዮ የስኳር በሽታ ነበረባት። ስኳር የነካው ማንኪያ እንኳ ከማንኪያዋ ጋር እንዲቀመጥ አትፈልግም። የራሷን ዲጊር በቅቤና በጨው ብቻ ነበር የምትበላው። በዚያ ቤት በስኳር የምትበላው ሂቦ ናት፣ ያውም እንደ ሕፃን፣ ነጭ እስኪሆን ነስንሳ። ደግሞ ስኳር መጀመሪያ ላይ አይገባም፤ ከገባ ፍሬው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። የሚጨመረው በስሎ፣ ተቀምሶ፣ ሲያልቅ ነው። ሆዮ ይኼን የምትስት ሴት አይደለችም።

እትዬ ሙሉ ውሃውን ደፍታ ማጠቡን እዚያው ተወችው። እጇን ጠርጋ ተነሳችና፣ «ልብስሽን ቀይሪ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ።

«እኔ ምን ላደርግ?»

«የእኔ ሶማልኛ ጨው ድረስ ነው የሚያደርሰኝ።»

በሚኒባስ ስንሄድ ድስቱን ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ባታምንሽስ አልኳት። ማመን የእሷ ነው፣ እኔ ላድርስላት አለች።

ሂቦ በሩን ራሷ ከፈተች። የማውቃት ከሩቅ ነበር፤ ደስ የምትል፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚመጣ ሴት። አሁን ግን ጸጉሯ በቅጡ አልተሸፈነም፣ ዓይኗ አብጧል። ፎጣውን ስታየው ገባት። ወርውሪው ብያት አልነበረም ወይ አለችኝ በሶማልኛ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል። እትዬ ሙሉ መልስ ሳትሰጥ ወደ ወጥ ቤት አለፈች፣ ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፎጣውን ገለጠችው።

«ሆዮ ዲጊር አብስላ ነበር በያት» አለችኝ።

አልኳት። ሂቦ ታውቃለች። በዚህ ማሽን ያበሰለችው ወድዳ አይደለም፣ ምድጃዋን ሰጥቼባት በምን ታብስል አለች። ለራሷ ነው የሠራችው፣ ርቧት፣ ብቻዋን ሆና፣ አለች። ይኼን ስትል ድምፅዋ ተቆራረጠ።

እትዬ ሙሉ ከአነጋገሯ ገባት መሰለኝ፣ እስክተረጉምላት አልጠበቀችም። ከጠርዙ አንድ ስባሪ አንስታ ለሂቦ ሰጠቻት። ሂቦ እንደማይገባው ሰው ይዛ ቆየች። አሸተተችው። ከዚያ ምላሷ ላይ አደረገችው። ጥቁሩን፣ ያረረውን። እኔ ይመራታል ብዬ ፊቴን አጨፈገግሁ።

«ስኳር አትነካም ነበር» አለች ሂቦ። ለእኛ አይደለም፣ ለግድግዳው ነው የተናገረችው። «እናቴ ስኳር አትነካም ነበር።»

እትዬ ሙሉ ያን ጊዜ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ቃል በቃል ልተረጉመው ነበረብኝ፦ «ስኳር የሚገባው ሲያልቅ ነው። ጨርሳ፣ ቀምሳ፣ አንቺ እንደምትወጂው አጣፍጣ፣ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ማሽኑን ሳታጠፋ፣ እየጠበቀችሽ ነበር።»

መጨረሻዋ ቃል ላይ ስደርስ አቋርጬ እንደገና ጀመርኩት። ሂቦ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ሐዘን ነው፣ ግን ውስጡ የሆነ ነገር የተፈታ ለቅሶ ነው። እትዬ ሙሉ ያን ሁሉ ቁመቷን አጣጥፋ አጠገቧ ቁጭ አለች። አልዳሰሰቻትም፣ አይዞሽም አላለቻትም። 

በኋላ ሂቦ ድስቱን እኔ ነኝ የማጥበው አለች። እጅጌዋን ሰበሰበችና ቀጥታ ወደ ሽቦው ሄደች። እትዬ ሙሉ የአሠሪዋን እጅ ቸብ አድርጋ መለሰችው። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፣ ሂቦም በእንባዋ መሃል። ሸክላውን ወደ ማሽኑ መለሱት፣ ያረረው እስኪሸፈን ውሃ ሞሉት፣ ሶዳ በተኑበት፣ ቀስ ባለው እሳት ላይ ተዉት። የኤሌክትሪክ ሽቦው ያለበትን የውጪውን ብረት ውሃ እንዳይነካው፣ እሱን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጠረጉት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሂቦ ሄዳ ሰገደች። ስትመለስ ንጣፉ ከሥሩ ለቅቆ ተንሳፍፏል፣ ማንም ሳይጎትተው። ጠርዙ ላይ ቀለበት ሠርቶ የቀረውን በሶዳ ሊጥ ቀቡት፣ በሎሚ ልጣጭ አሹት። ሂቦ ስታሽ ስለ ሆዮ ታወራ ነበር። ልጅ ሳለች ስኳሩን ስትነሰንስ እንዴት እንደምትቆጣት፣ ተቆጥታም ዕቃውን ከፊቷ እንደማታነሳው። እኔ ለእትዬ ሙሉ መተርጎም ረሳሁ። እሷ ግን ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይኼ ማለት ሆዮ ዱዓ አድርጋላታለች ማለት ነው ወይ አልኳት።

«አላውቅም» አለች። «ድስቱ የነገረኝ ስኳሩን ብቻ ነው። ሌላውን ከራሴ ብጨምርበት ውሸት ይሆናል።»

«ስኳሩ ባይኖርስ?»

«አጥቤ እመልስላት ነበር። ዝም ብዬ።»

ገና ግቢያችን ስንገባ ስልኳን አውጥታ ደወለች። እህቷ አነሳች። እናትየው ከውስጥ ያንኑ አለች፣ እጄ ሊጥ ነው። እትዬ ሙሉ ዘጋችው፣ ግን በዚያ ቀን አልሳቀችም። የሂቦ እናት ሞታ እንኳ ስኳር ተገኘባት፤ የእኔ በሕይወት እያለች እኔ ስልክ እጠብቃለሁ አለችን። እናቷ ጋ ልትሄድ ሂቦን ፈቃድ ስትጠይቃት፣ ንግግሯን ገና ሳትጨርስ ሂቦ ሂጂ አለቻት።

እማዬ ሰው ሲሄድባት ነገር ትወዳለች። ልብሷን እያጣጠፈችላት፣ «በስልክ ያላነጋገረችሽ ሴት በር ትከፍትልኛለች ብለሽ ነው?» አለቻት።

«በር ላይ ቆሜ ሳለሁ እጄ ሊጥ ነው ብትለኝ እጇን አያለኋ» አለች እትዬ ሙሉ።

በአባዬ መኪና እስከ ቶጎ ውጫሌ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ የምታውቁትን ያህል ነው የማውቀው፤ አባዬ በር ላይ ቆሞ አትመለስም እስካለን ድረስ። እኔ ክፉውን ነበር የጠረጠርኩት። እናቷ አልመርቅም ብላ ዘግታባት፣ እሷም በሩ ላይ ልትለምን የቀረች መሰለኝ። ስለዚህ ጠየቅኋት። እትዬ፣ እናትሽ መረቀችሽ ወይ ብዬ በድምፅ ላክሁላት። ለብዙ ቀን መልስ አልነበረም።

ትናንት መጣ። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ አለ፣ ከዚያ ዕቃ ሲጋጭ፣ ከዚያ እሷ።

«አልመረቀችኝም» ትላለች። ትስቃለች፣ ሳቁም ቆየ። «ስደርስ እጇ እውነትም ሊጥ ነበር፣ በሊጡ እጇ ነው ያቀፈችኝ። ቆይቼ፣ እማ፣ እንግዲህ መርቂኝና ልመለስ፣ ሰዎቹ ይጠብቁኛል አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ምርቃት ለሚሄድ ሰው ነው፣ አንቺን አልመርቅሽም አለችኝ። ይኸው ስትወጣ ስትገባ አልመርቅሽም ትለኛለች። ታዲያ ዳግመኛ ሳልመረቅ እንዴት ብዬ ልምጣ?»